የቬስታ ቤተ መቅደስና የማይጠፋው እሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጥንታዊቷ ሮም ባወራሁ ቁጥር የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ዓመትና ወሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቬስታ ቤተ መቅደስ ምንድን ነው? የትስ ነው ያለው?

ሮም ከተማ መሀል፣ ፎሮ ሮማኖ በሚባለው የጥንት አደባባይ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ የነበረ ትንሽ ክብ ቤተ መቅደስ ነው። መሠረቱ ከዳር እስከ ዳር 15 ሜትር ገደማ ነው። በዙሪያው ከነበሩት ግዙፍ ሕንፃዎች አጠገብ ሲታይ ጓዳ ነው የሚያክለው። ሮማውያን ግን የከተማቸው ዕድሜ እዚህች ጓዳ ውስጥ በሚነደው እሳት ላይ የተንጠለጠለ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

እሳቱ የመንግሥት ምድጃ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ምድጃ እንዳለው ሁሉ፣ ሮምም እንደ አንድ ትልቅ ቤተሰብ የራሷ ምድጃ ነበራት። ይሄን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። ውሃ መቅዳቱ፣ እህል መፍጨቱ፣ ቤት መጥረጉ፣ ሌላው ቀርቶ ኋላ የምነግራችሁ ያ የሚዘገንነው ቅጣት እንኳ።

ቬስታ ማን ናት?

የምድጃ አምላክ ናት። ግሪኮች ሄስቲያ ይሏታል። ሌሎቹ አማልክት ሲዋጉ፣ ሲያፈቅሩ፣ ሲቀናኑ የሚተረክላቸው ብዙ ታሪክ አላቸው። ቬስታ ግን ታሪክ የላትም ማለት ይቻላል። ቤት ነው የምትውለው። ሮማውያን ጸሎትና መሥዋዕት ሲያቀርቡ የብዙ አማልክትን ስም ይጠሩና የሚያሳርጉት በእሷ ስም ነበር።

ቤተ መቅደሱ ለምን ክብ ሆነ?

የሮም ቤተ መቅደሶች አብዛኞቹ አራት ማዕዘን ናቸው። ይሄኛው የሚለየው ከጎጆ ስለመጣ ነው። የጥንቶቹ ሮማውያን ድንጋይ መጥረብ ሳይለምዱ በፊት የሚኖሩት ከጭራሮና ከጭቃ በተሠራ፣ ሣር በለበሰ ጎጆ ነበር። የመጀመሪያው የቬስታ ቤትም ግድግዳው የተጠላለፈ ቀጭን እንጨት፣ ክዳኑ ሣር እንደነበር ይነገራል። በኋላ ድንጋዩ መጣ፣ እብነ በረዱ መጣ፣ በዙሪያው 20 ዓምዶች ቆሙ። ቅርጹ ግን ጎጆ እንደሆነ ቀረ።

አንዳንድ የጥንት ጸሐፊዎች ክብ የሆነው የምድርን ቅርጽ ለመምሰል ነው ብለዋል። እኔ ግን ጎጆው ነው የሚያሳምነኝ። መሀሉ ላይ ምድጃ፣ ጣሪያው ላይ ጭስ መውጫ፣ በሩ ወደ ምሥራቅ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ውስጡ ምን ነበር? የጣዖት ሐውልት ነበረው?

የቬስታ ሐውልት ውስጡ አልነበረም። ሰው ሁሉ ያስገርመዋል፤ ባለቅኔው ኦቪድ ራሱ ሐውልት ያለ እየመሰለው ለረጅም ጊዜ ተሳስቶ እንደኖረ ጽፏል። እሷ ራሷ እሳቱ ናት፤ ነበልባል ደግሞ ምስል አይቀረጽለትም።

ከእሳቱ ሌላ ፔኑስ የሚባል የተጋረደ ጓዳ ነበረ። ጓዳ የምለው ለማሳመር ብዬ አይደለም፣ የላቲኑ ቃል በተራው ቤት ውስጥ የሚያመለክተው የቤተሰቡ ስንቅ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ ለመሥዋዕት የሚሆን ዱቄትና የተቀደሰ አመድ ይቀመጣል። ፓላዲየም የሚሉት የግሪኳ አምላክ የአቴና ምስልም እዚያ ነበር። ከጥንቷ ትሮይ ከተማ የመጣ ነው፣ እሱ እስካለ ሮም አትወድቅም ይባል ነበር። እሳቱን ከሚጠብቁት ደናግልና ከሊቀ ካህናቱ በቀር ማንም እንዲያየው አይፈቀድም።

በ241 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቤተ መቅደሱ በእሳት ሲያያዝ ሊቀ ካህናቱ ሉኪየስ ካይኪሊየስ ሜቴለስ ነበልባሉ ውስጥ ገብቶ ንዋያተ ቅድሳቱን አወጣ። በ191 ዓ.ም. ገደማ እንደገና ሲቃጠል ግን ደናግሉ ፓላዲየምን በጎዳና ላይ ተሸክመው ወደ ቤተ መንግሥት ሮጡ። ተራው ሕዝብ በዓይኑ ያየው ያኔ ነው።

የቬስታ ደናግል እነማን ነበሩ? እንዴትስ ይመረጡ ነበር?

ስድስት ሴቶች ናቸው። ሴቶች እላለሁ እንጂ ሲገቡ ልጆች ነበሩ። ዕድሜዋ ከ6 ያላነሰ፣ ከ10 ያልበለጠ፣ እናትና አባቷ በሕይወት ያሉ፣ አካሏ ላይ እንከን የሌለባት ልጅ ትፈለጋለች። ሕጉ 20 ልጆች ታጭተው ዕጣ እንዲወጣ ያዛል፤ አባት ፈልጎ ልጁን ካቀረበ ግን ዕጣው ይቀራል። ከዚያ ፖንቲፌክስ ማክሲሙስ የሚባለው ሊቀ ካህናት እጇን ይይዝና "አማታ፣ እወስድሻለሁ" ይላታል። ሥርዓቱ ስሙ ራሱ "መያዝ" ነው። በጦርነት ምርኮኛ እንደሚያዝ ማለት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከአባቷ ሥልጣን ሥር ወጥታለች። ፀጉሯ ይቆረጥና አንድ ያረጀ ዛፍ ላይ ይሰቀላል።

አገልግሎቱ 30 ዓመት ነው። አሥሩን ትማራለች፣ አሥሩን ትሠራለች፣ አሥሩን ተተኪዎቿን ታስተምራለች። ከዚያ በኋላ መውጣትም ማግባትም ትችላለች። ግን ብዙዎቹ አይወጡም ነበር። ወጥተው ያገቡት አልቀናቸውም የሚል ወሬ ስለነበረ፣ እዚያው ማርጀት ይመርጣሉ። ኦክያ የምትባል አለቃቸው ለ57 ዓመት በኃላፊነት ቆይታ በ19 ዓ.ም. አርፋለች።

እሷን ለመተካት ሁለት አባቶች ልጆቻቸውን አቀረቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጢባርዮስ አንደኛዋን መረጠ። ምክንያቱ የልጅቷ እናት ከመጀመሪያ ባሏ ጋር እንደጸናች መኖሯ ነበር፤ የሌላኛዋ አባት ተፋትቷል። ላልተመረጠችው ልጅ ለመዳሪያዋ አንድ ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) ተሰጣት። እንዲህ ያለ ፉክክር ግን ሁልጊዜ አልነበረም። ከጢባርዮስ በፊት በነበረው በአውግስጦስ ቄሳር ዘመን ቤተሰቦች ልጃቸው ለዕጣ እንዳትቀርብ ይለማመጡ ነበር። እሱም ዕድሜዋ የሚፈቅድ የልጅ ልጅ ብትኖረኝ እኔው ራሴ እሰጣት ነበር ብሎ ማለ። የ6 ዓመት ልጁን ከቤት ማስወጣት ለሮማዊም ቀላል አልነበረም።

በየቀኑ ምን ይሠሩ ነበር?

የቤት ሥራ። ሮም ውስጥ ከሁሉ የተቀደሰው አገልግሎት የአንዲት የገጠር ቤት ሴት ልጅ ጠዋት ተነሥታ የምትሠራው ነበር። እሳት ማየት፣ ውሃ መቅዳት፣ መጥረግ፣ እህል ማሰናዳት። እሳቱ ሌሊትም ስለሚጠበቅ በፈረቃ ነው የሚያድሩት።

ውሃው የሚመጣው ከፖርታ ካፔና በር ወጣ ብሎ ካለ የተቀደሰ ምንጭ ነው። ለሥርዓቱ የሚያገለግለው እንስራ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ሹል ነው። መሬት ላይ ቢያስቀምጡት ይገለበጣል። ለዚህ ነው እንዲያ የተሠራው፤ ለቬስታ የተቀዳ ውሃ መሬት መንካት የለበትም። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ያንን ሳታሳርፍ ይዛ ስትሄድ ክንዷ ምን ያህል እንደሚዝል ውሃ የቀዳ ሰው ያውቀዋል።

ፖርታ ካፔና የሚለው ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ የዘረፈችው የአክሱም ሐውልት በ1937 የቆመው በዚህ በር ስም በተሰየመው አደባባይ ላይ ነው። በ2003 እስኪነቀል ድረስ እዚያው ነበር፤ በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2008 አክሱም ላይ ቆመ።

ሞላ ሳልሳ ምንድን ነው?

ጨው የገባበት የተቀደሰ ዱቄት ነው። ያለ እሱ ሮም ውስጥ ሕዝባዊ መሥዋዕት አይሠዋም። ከመታረዱ በፊት በሬው ግንባርና ቀንዶች ላይ ይነሰነሳል። በላቲን "መሠዋት" የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚህ ዱቄት ስም ነው። የሮም ካህናት ሁሉ፣ የጁፒተሩም የማርሱም፣ በስድስቱ ሴቶች ወፍጮ ሥር ነበሩ ማለት ነው። ይሄ ነገር በቂ ቦታ ሲሰጠው አላይም። ሰው የሚያወራው ስለ እሳቱና ስለ ቅጣቱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሜይ 7 እስከ 14 ባሉት ቀናት፣ አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ሦስቱ ትልልቆቹ ደናግል የእህል ዛላ በቅርጫት ይሰበስባሉ። ያምሱታል፣ ይወቅጡታል፣ ይፈጩታል፣ ያስቀምጡታል። ጨው ደግሞ ለብቻው ነው። ሻካራውን ጨው በሙቀጫ ይወቅጡና ሸክላ ውስጥ ያደርጉታል፣ አፉን በጄሶ ይመርጉታል፣ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ደርቆ ድንጋይ ሲሆን በብረት መጋዝ ይቆርጡታል። በውሃ ሲበጠብጡትም ውሃው በቧንቧ የመጣ መሆን የለበትም። ዱቄቱና ጨው የሚዋሃዱት በዓመት ሦስት ጊዜ ነው። ፌብሩዋሪ 15፣ ጁን 9 እና ሴፕቴምበር 13።

እህሉ ራሱ የሚገርም ነው። ሮማውያን ፋር ይሉታል። ገለባው በቀላሉ የማይለቅ ጥንታዊ የስንዴ ዘር ነው፣ ሳይንሱ ኤመር ይለዋል። የእኛ ገበሬ አጃ የሚለው ይሄንኑ ነው፤ በፓኬት የሚሸጠው ኦትስም አጃ ስለሚባል እንዳይምታታባችሁ። በዓለም ላይ ብዙ ቦታ ተረስቷል። ባሌና ሸዋ ግን ዛሬም ይዘራል። ቬስታ ቤት የተፈጨውን እህል ለማየት የፈለገ ሰው ሙዚየም መሄድ አያስፈልገውም።

ቬስታሊያ የተባለው በዓል እንዴት ይከበር ነበር?

ከጁን 7 እስከ 15 ነው። ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የኖረው ጓዳ ጁን 7 ይከፈትና እናቶች ባዶ እግራቸውን ይገባሉ። ዋናው ቀን ጁን 9 ነው። የዳቦ ጋጋሪዎችና የወፍጮ ቤት ሰዎች በዓልም ነው፤ ምድጃውም ዱቄቱም የእሷ ነውና። በዚያ ቀን ወፍጮ አይዞርም። ድንጋዮቹ የአበባ ጉንጉን ይደረግላቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ወፍጮ ሲያዞሩ የኖሩት አህዮችም ሥራ ፈትተው፣ አንገታቸው ላይ አበባና ዳቦ ተንጠልጥሎላቸው ይውላሉ።

ጁን 15 ደግሞ ቤቱ ይጠረጋል። ጥራጊው ሜዳ ላይ አይጣልም፣ በሥርዓት ወጥቶ ይወገዳል። የሮማውያን የቀን መቁጠሪያ ላይ ይሄ ዕለት የራሱ ምልክት አለው፦ ጥራጊው እስኪወጣ ድረስ ቀኑ የተከለከለ ነው፣ ከወጣ በኋላ ሥራ ይፈቀዳል። እነዚያ ቀናት ለሠርግም አይሆኑም። ኦቪድ ልጁን ለመዳር ቀን ሲያስቆርጥ የተነገረው ይሄንኑ ነው፣ የቬስታ ቤትን ጥራጊ ቲቤር ወንዝ ወደ ባሕር እስኪወስደው ጠብቅ ተባለ።

እሳቱ ቢጠፋስ?

ያኔ ከተማው ይሸበራል። በ206 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ከካርቴጁ ጦር መሪ ከሃኒባል ጋር ጦርነት ላይ እያሉ፣ እሳቱ ጠፋ። በዚያ ዓመት ብዙ መጥፎ ምልክት ታይቷል ተብሎ ሲወራ ነበር። ሰውን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠው ግን ይሄ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ቀላል የሰው ቸልተኝነት ነበር። በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረችው በሊቀ ካህናቱ ትእዛዝ ተገረፈች። ግርፋቱ በጨለማ፣ ከመጋረጃ በስተጀርባ እንደሚፈጸም ተጽፏል።

እሳቱን መልሶ ማንደድም የራሱ ሥርዓት አለው። ከጎረቤት ፍም መጫር አይቻልም። ገዱ መልካም ነው ከሚባል ዛፍ የተቆረጠ ጣውላ ላይ እንጨት እያፈተጉ አዲስ እሳት ያወጣሉ። አንዷ ደናግል በነሐስ ወንፊት ይዛው ትገባለች። ከዚህ ሌላ ባይጠፋም እንኳ በየዓመቱ ማርች 1 እሳቱ ይታደሳል። ያ ቀን የድሮው የሮማውያን አዲስ ዓመት ነው።

ልክ እንደ መነኮሳት ነበሩ ማለት ይቻላል?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። እኔ አይመስለኝም። መነኮሰች የምንላት ሴት ዓለምን ንቃ በራሷ ፈቃድ የገባች ናት። እነዚህ ግን በልጅነታቸው መንግሥት የወሰዳቸው ናቸው። ድህነትም አልተሳሉም። መኖሪያቸው ከቤተ መቅደሱ ጎን ያለ ባለ ግቢ ትልቅ ቤት ነው። ግብዣ ይሄዳሉ፣ ትግል ቦታ ፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ጊዜያቸው ሲያልቅም ይለቀቃሉ።

እውነት ከሌሎች ሴቶች የበለጠ መብት ነበራቸው?

አዎ፣ በጣም። ሮማዊት ሴት በአባቷ ወይም በባሏ ወይም በሞግዚት ሥር ነበረች። የቬስታ ድንግል ግን ንብረቷን ራሷ ታስተዳድራለች፣ ትናዘዛለች፣ ፍርድ ቤት ቀርባ ያለ መሐላ ትመሰክራለች። መንገድ ስትወጣ ሊክቶር የሚባል አጃቢ ፊት ፊቷ ይሄዳል። ሹማምንት ሳይቀሩ መንገድ ይለቁላታል። ሞት የተፈረደበት ሰው ወደ መገደያው ሲወሰድ ድንገት ብታገኘው ይማራል። ሆን ብላ እንዳልመጣች ግን ማረጋገጥ አለባት።

ሰው ኑዛዜውንም የሚያስቀምጠው እነሱ ዘንድ ነው። የዩልየስ ቄሳር ኑዛዜ በአለቃቸው እጅ ነበር። በኋላ አውግስጦስ ቄሳር የተባለው ኦክታቪያን ደግሞ በ32 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተቀናቃኙን የማርክ አንቶኒን ኑዛዜ ከእነሱ ቤት በጉልበት ወስዶ ለሕዝብ አነበበው። ከግብጽ ንግሥት ከክሊዮፓትራ ጋር ለሚደረገው ጦርነት ሕዝቡን ያነሣሣው በዚያ ነው።

ንብረታቸው እውነተኛ ንብረት እንደነበር የክራሰስ ታሪክ ያሳያል። የሮም ቱጃር ክራሰስ ሊኪኒያ የምትባል የቬስታ ድንግል ቤት እየተመላለሰ ተገኘ፣ ተጠርጥሮም ተከሰሰ። መልሱ ቤቷን በርካሽ ልትሸጥልኝ ብዬ ነው የሚል ነበር። ስስቱን ሁሉም ስለሚያውቅ ዳኞቹ አመኑት። ሁለቱም ነፃ ወጡ።

ድንግልናዋን ያጣችው በሕይወቷ ትቀበር ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ዘሎ ማለፍም ለልጆቹ ታማኝ አለመሆን ነው። የተቀደሰች ስለሆነች ደሟ መፍሰስ የለበትም። ረሃብ ገደላት እንዳይባልም ይጠነቀቃሉ። ስለዚህ ኮሊና በር አጠገብ፣ ከከተማው ቅጥር ውስጥ፣ ከመሬት በታች ትንሽ ክፍል ይዘጋጃል። አልጋ ይነጠፋል፣ ፋኖስ ይበራል፣ ትንሽ ዳቦ፣ ውሃ፣ ወተትና ዘይት ይቀመጣል። ድምፅዋ እንዳይሰማ በተሸፈነና በጠፍር በታሰረ ቃሬዛ በአደባባዩ ያሳልፏታል። ሰው ዝም ብሎ መንገድ ይለቃል። ሊቀ ካህናቱ እጁን ዘርግቶ ይጸልያል፣ እሷ በመሰላል ትወርዳለች፣ መሰላሉ ይሳባል። አፈሩ ከመሬት ጋር እኩል እስኪሆን ይደለደላል። አብሯት ተኛ የተባለው ወንድ ደግሞ በአደባባይ ተገርፎ ይሞታል።

ከሁሉ የማይረሳኝ የኮርኔሊያ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዶሚቲያን ዘመን አለቃቸው ነበረች። ፍርዱን የሰጠው እሷ በሌለችበት፣ ከከተማ ውጭ ባለው ቤቱ ተቀምጦ ነው። ስትወሰድ እኔ ሥርዓቱን በፈጸምኩ ጊዜ ነው እሱ ድል ያደረገው፣ እንዴት ረከሰች ይለኛል ብላ ጮኸች። ወደ ጉድጓዱ ስትወርድ የቀሚሷ ጫፍ ያዛት። ዞር ብላ ሰበሰበችው። ገዳዩ ልደግፍሽ ብሎ እጁን ሲዘረጋ ሸሸችው፣ እንዲነካት አልፈለገችም። በዘመኑ የነበረው ፕሊኒ ይሄን በደብዳቤው ጽፎ አቆይቶልናል። ኮርኔሊያን ባሰብኩ ቁጥር ቀሚሷን ስትሰበስብ ነው የማያት።

እውነት ጥፋተኞች ነበሩ? ወይስ የፖለቲካ ማስተስረያ?

የእያንዳንዷን ገመና ማንም ሊያውቅ አይችልም። ክሱ የሚመጣበትን ጊዜ ግን ማየት ይቻላል። በ216 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሃኒባል ካኔ በተባለ ቦታ የሮምን ጦር ደመሰሰ። በዚያው ዓመት ኦፒሚያና ፍሎሮኒያ ተከሰሱ፤ አንዷ ተቀበረች፣ ሌላዋ ራሷን አጠፋች። በዚያው ሰሞን ሁለት ግሪካውያንና ጎል ከሚባለው ሕዝብ ሁለት ሰዎችም በሕይወታቸው ተቀብረዋል። እነዚህ ምንም አላጠፉም። ከተማው ፈርቶ ነበር፣ የፈራ ከተማ ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል።

በ114 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተከሰሱት የሦስቱ ደናግል ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ነው። ካህናቱ ኤሚሊያን ብቻ ፈርደውባት ሊኪኒያንና ማርኪያን ነፃ አወጡ (ይቺኛዋ ሊኪኒያ የክራሰሷ አይደለችም)። ሕዝቡ ተቆጣ። ልዩ ዳኛ አቋቋመና በዓመቱ፣ በ113 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ሁለቱንም አስፈረደባቸው። አንድ ጊዜ ነፃ የወጣ ሰው እንደገና ተፈርዶበት ሲሞት ጉዳዩ ስለ ሃይማኖት ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። ምድጃው የሁሉም ምድጃ ከሆነ፣ ቤቱ ላይ የመጣ መዓት ሁሉ ምድጃዋን የምትጠብቀዋ ላይ ይወድቃል። ፖስቱሚያ የምትባለዋማ በ420 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተከሰሰችው አለባበሷ ስላማረና ጨዋታ ስለምታውቅ ነበር። ነፃ ወጣች። ቀልዱን ተዪ፣ ቁጥብ ሆነሽ ልበሺ ተብላ።

ሕዝቡ ራሱ ግን በሌላ መንገድም አስታውሷቸዋል። ቱኪያ የተባለችው ስትከሰስ ከቲቤር ወንዝ ውሃ በወንፊት ቀድታ አንድ ጠብታ ሳይፈስባት ቤተ መቅደስ ድረስ አመጣች ይላል አፈ ታሪኩ። ኤሚሊያ የምትባል ሌላዋ የቀዘቀዘ አመድ ላይ የልብሷን ቁራጭ ጥላ እሳቱን አስነሣች ይባላል።

እሳቱ መቼ ጠፋ?

ቀስ በቀስ ነው። ክርስትና የቤተ መንግሥት ሃይማኖት ከሆነ በኋላም እሳቱ ለአሥርት ዓመታት ነደደ። በ382 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ግራቲያን የመንግሥት ገንዘቡንና መብታቸውን ቆረጠ። በ384 ሲማከስ የተባለው የሮም ሹም እንዲመለስላቸው አቤት አለ። የሚላኑ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስ ተቃወመና ሳይሆን ቀረ። ከዚያ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በ391 እና 392 የጣዖት አምልኮን በሕግ ከለከለ። እሳቱ ለመጨረሻ ጊዜ የጠፋው በ394 ነው ተብሎ በልማድ ይነገራል።

ቲቤር ወንዝ ዳር ያለው ክብ ቤተ መቅደስ ነው የቬስታ?

አይደለም። ፖስት ካርድ ላይ ለረጅም ጊዜ "የቬስታ ቤተ መቅደስ" ተብሎ የተሸጠው ያ ነው፣ ክብ ስለሆነ ብቻ። የሄርኩለስ ነው። የእሷ ፎሮ ሮማኖ ውስጥ ያለው ነው። በ1549 እብነ በረዱ ለሌላ ግንባታ ተገፍፎ ስለሄደ መሠረቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ዛሬ የምናየው ሦስት ዓምድ ያለው ቁራጭ በ1930 አካባቢ ከተገኙት ስብርባሪዎች ተገጣጥሞ የቆመ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ሮማውያን ራሳቸው በሕግ ቋንቋ ይሄን ቦታ "ቴምፕሉም" አይሉትም ነበር። "አይዴስ" ነው የሚሉት፣ ቤት እንደማለት።

ስሟ ከድንጋይ የተፋቀው ማን ናት?

ከቤተ መቅደሱ ጎን ያለው የደናግሉ መኖሪያ በ1883 ሲቆፈር የአለቆቻቸው ሐውልቶችና ጽሑፍ ያለባቸው መቆሚያዎች ወጡ። ዛሬ በግቢው ኩሬዎች ዳር፣ ጽጌረዳ መሀል ቆመዋል። ብዙዎቹ ራስ የላቸውም። ከመቆሚያዎቹ አንዱ ላይ የተጻፈው ስለ ንጽሕናዋ፣ ስለ ጨዋነቷና ስለሚደነቀው የሥርዓት ዕውቀቷ የቆመ ይላል። ስሟ ግን በመሮ ተፍቋል። የቀረችው የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ናት፣ "ክ" የምትለዋ።

አጠፋች ተብላ ይሆን? ብዙዎች የሚያስቡት ክርስቲያን ሆና ትታቸው ሄዳ ነው ብለው ነው። በዚያ ዘመን አካባቢ የኖረ አንድ ክርስቲያን ባለቅኔ ክላውዲያ የምትባል የቬስታ ድንግል ወደ ቅዱስ ላውረንስ ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ይጠቅሳል። ፊደሉ ይገጥማል። እኔም ወደዚህ አደላለሁ፣ ከዚያ ቤት በእግሯ የወጣች አንዲት ሴት መኖሯን ስለምፈልግ ይሆናል። በድንጋዩ ጎን የተቀረጸው ቀን ግን አልተፋቀም። ጁን 9 ቀን 364 ዓ.ም.፣ የቬስታሊያ ዕለት።